ለኤች አይ ቪ ተጋላጭነት ሲያጋጥም፦ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት እና በቀጣዮቹ 28 ቀናት መደረግ ያለባቸው ተግባራት

ለኤች አይ ቪ የሚያጋልጥ ሁኔታ ያጋጠመው ሰው ሁሉ በቫይረሱ ተይዟል ማለት አይደለም። በመጋለጥ እና በመያዝ መካከል አጭር ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተገቢው መድኃኒት ከተጀመረ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ሥር ከመስደዱ በፊት መግታት ይቻላል። ይህ ሕክምና የድኅረ ተጋላጭነት መከላከያ ሕክምና የሚባል ሲሆን፣ በጤና ተቋማት «ፔፕ» በሚለው አጭር ስሙ ይታወቃል።

ይህ ዕድል የሚያመልጠው መድኃኒቱ በቅርብ ባለመገኘቱ ብቻ አይደለም። በኀፍረት፣ በድንጋጤ፣ «መጀመሪያ ላረጋግጥ» ወይም «እስኪ ነገ ይሁን» በሚል ውሳኔ ሰዓታት ሲባክኑም ያመልጣል። በመሆኑም ከሁሉ መቅደም ያለበት ወደ ጤና ተቋም መድረስ ነው፤ ማጣራቱ፣ ምክሩና ምርመራው ከዚያ በኋላ የሚከናወኑ ናቸው።

ዋና ዋና ነጥቦች

• መድኃኒቱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከተጋላጭነቱ በኋላ በ72 ሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት።
• በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል።
• የመጀመሪያውን ክኒን ለመውሰድ የሌላውን ወገን የምርመራ ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም።
• የወሲብ ጥቃት የደረሰበት ሰው ሕክምናውን ለማግኘት አስቀድሞ ለፖሊስ ማመልከት አይጠበቅበትም።
• የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ክኒን ኤች አይ ቪን አይከላከልም፤ ሁለቱ የተለያዩ አገልግሎቶች ናቸው።

ተጋላጭነት የሚባለው ምንድን ነው?

ኤች አይ ቪ የሚተላለፈው በደም፣ በዘር ፈሳሽ፣ በሴት ብልት ፈሳሽና በጡት ወተት አማካኝነት ነው። እንደ እንሽርት ውኃ ያሉ በሕክምና ሥራ ላይ የሚያጋጥሙ አንዳንድ የሰውነት ፈሳሾችም የመተላለፍ ዕድል አላቸው። ስለዚህ የሚከተሉት ሁኔታዎች ወደ ጤና ተቋም በፍጥነት መሄድን ይጠይቃሉ፦

• ያለ ኮንዶም የተደረገ፣ ወይም ኮንዶም የተቀደደበት ወይም የወለቀበት የግብረ ሥጋ ግንኙነት፤
• አስገድዶ መድፈርና ሌላ የወሲብ ጥቃት፤
• ሌላ ሰው በተጠቀመበት መርፌ ወይም ስለታም ነገር መወጋት ወይም መቆረጥ፤
• የሌላ ሰው ደም ወደ ዓይን፣ ወደ አፍ ወይም ወደ ቁስል መግባት፤
• መርፌና ስሪንጅን በጋራ መጠቀም።

በአንጻሩ መጨባበጥ፣ መተቃቀፍ፣ በአንድ ትሪ መመገብ፣ መጎራረስ፣ በአንድ መጸዳጃ ቤት መጠቀምና የወባ ትንኝ ንክሻ ቫይረሱን አያስተላልፉም። ደም ያልተቀላቀለበት ምራቅ፣ ላብ፣ እንባና ሽንትም አያስተላልፉም። በእነዚህ ምክንያቶች መድኃኒት መጀመር አያስፈልግም።

የመያዝ ዕድሉ እንደ ተጋላጭነቱ ዓይነት ይለያያል። ቫይረሱ ያለበት ደም በነካው መርፌ ከተወጉ 1,000 የጤና ሠራተኞች መካከል መድኃኒት ባይወስዱ እንኳ በቫይረሱ የሚያዙት 3 ገደማ ናቸው። ደም ወደ ዓይን ወይም ወደ አፍ ሲገባ ቁጥሩ ከ1,000 ከ1 ያነሰ ነው። የተጋለጠ ሰው ይህን ማወቁ ተስፋ እንዳይቆርጥ ይረዳዋል፤ ይሁን እንጂ አነስተኛ ዕድል ዜሮ ባለመሆኑ መዘናጋት አይገባም።

ሌላው ወገን ቫይረሱ በደሙ ያለበት ቢሆንም መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ሊታይ ከማይችልበት ደረጃ ላይ የደረሰ ከሆነ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። በዚህ ጊዜ የመከላከያ ሕክምናው አስፈላጊ መሆን አለመሆኑን የጤና ባለሙያው ከተጋለጠው ሰው ጋር ተመካክሮ ይወስናል።

ጊዜው ለምን ወሳኝ ሆነ?

ቫይረሱ ወደ ሰውነት እንደገባ ወዲያውኑ በመላ ሰውነት አይሰራጭም። በመጀመሪያ በገባበት አካባቢ በሚገኙ ሕዋሳት ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያም ወደ ሊምፍ ዕጢዎች፣ በቀጣይም ወደ ደም ይዘልቃል። ይህ ሂደት በቀናት ውስጥ የሚጠናቀቅ ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱ ራሱን እንዳያባዛና ከሰውነት ሕዋሳት ጋር እንዳይዋሐድ ያግዳል። ቫይረሱ አንዴ ከሕዋሳት ጋር ከተዋሐደ በኋላ ግን ይህ ሕክምና ጠራርጎ ሊያስወጣው አይችልም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ይፋ የተደረገ፣ በመርፌ በተወጉ የጤና ሠራተኞች ላይ ያተኮረ ጥናት ዚዶቩዲን የተባለውን መድኃኒት ብቻውን መውሰድ እንኳ የመያዝ ዕድልን በ81 በመቶ ገደማ ከመቀነስ ጋር ተያይዞ መገኘቱን አሳይቷል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ምርምሮች ደግሞ መድኃኒቱ በዘገየና የሚወሰድበት ጊዜ ባጠረ መጠን የመከላከል አቅሙ እንደሚወርድ አረጋግጠዋል። የ72 ሰዓታትና የ28 ቀናት ገደብም ከእነዚህ ግኝቶች ጋር የተያያዘ ነው።

ለምሳሌ ሰኞ ማታ በ3 ሰዓት የተጋለጠ ሰው 72 ሰዓቱ የሚሞላው ሐሙስ ማታ በ3 ሰዓት ነው። ይህ ማለት ግን እስከ ሐሙስ መቆየት ይቻላል ማለት አይደለም። 72 ሰዓት የመጨረሻው ወሰን እንጂ የቀጠሮ ቀን አይደለም፤ ሰኞ ሌሊት የተጀመረ መድኃኒት ረቡዕ ከተጀመረው የተሻለ ይከላከላል። ከ72 ሰዓት በላይ ያለፈበት ሰውም ቢሆን ለምርመራ፣ ለምክርና ለሌሎች ሕክምናዎች ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

በቦታው የሚደረግ የመጀመሪያ እርዳታ

የተወጋን ወይም የተቆረጠን ቆዳ ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል። ቁስሉን መጭመቅ፣ መፈግፈግ ወይም በረኪና እና መሰል የሚያቃጥል ኬሚካል ማፍሰስ ሕብረ ሕዋስን ስለሚጎዳ አይመከርም። ዓይን ከሆነ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ፣ አፍ ከሆነ ደግሞ የገባውን ተፍቶ በውኃ ደጋግሞ መጉመጥመጥ ተገቢ ነው።

ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ የብልትን ውስጠኛ ክፍል በሳሙና ወይም በሌላ ፈሳሽ ማጠብ አይከላከልም፤ እንዲያውም ስስ ሽፋኑን በማቁሰል ተጋላጭነቱን ሊያባብስ ይችላል።

ወዴት መሄድ ይገባል?

አገልግሎቱ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በሚሰጡ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ይገኛል። በሥራ ሰዓት የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍልን፣ በሌሊት፣ በሰንበትና በበዓል ቀን ደግሞ የድንገተኛ ሕክምና ክፍልን መጠየቅ ይቻላል። በገጠር የሚኖር ሰው በቅርቡ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቢያማክር አገልግሎቱ ወደሚገኝበት ተቋም ትልከዋለች። በአንድ ተቋም መድኃኒቱ ካልተገኘ ወደየትኛው ተቋም መሄድ እንደሚገባ ጠይቆ ሳይዘገዩ ወደዚያው ማምራት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

በመዝገብ ክፍል ወይም በተራ መጠበቂያ ቦታ በሰው ፊት ዝርዝር ጉዳይን ማስረዳት ግዴታ አይደለም። «አስቸኳይ ነው፤ ለኤች አይ ቪ ከመጋለጥ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ባለሙያ ለብቻ ማነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው። ለባለሙያው የተነገረው ሁሉ በሕክምና ምስጢርነት ይጠበቃል።

በጤና ተቋም የሚከናወኑ ተግባራት

ባለሙያው በመጀመሪያ ተጋላጭነቱ መቼና እንዴት እንደደረሰ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢውን ሕክምና ለመምረጥ እንጂ ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም። በመቀጠል የተጋለጠው ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራ ያደርጋል። ይህ ምርመራ ሰውየው ከዚህ ቀደም በቫይረሱ መያዝ አለመያዙን የሚያሳይ ሲሆን፣ ትናንት ወይም ዛሬ ስለደረሰው ተጋላጭነት የሚናገረው ነገር የለም። ውጤቱ ቫይረሱ ቀድሞውኑ መኖሩን ካመለከተ፣ የሚያስፈልገው የመከላከያ ሕክምና ሳይሆን ዘላቂው የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ነው።

ሌላው ወገን የሚታወቅና ፈቃደኛ ከሆነ እርሱም ሊመረመር ይችላል። ሆኖም እርሱን ፍለጋ መድኃኒቱን ማዘግየት አይገባም። ሕክምናው ተጀምሮ በኋላ አስፈላጊ አለመሆኑ ከተረጋገጠ በባለሙያ ውሳኔ ማቆም ይቻላል።

እንደ ሁኔታው የሄፓታይተስ ቢ ምርመራና ክትባት፣ የኩላሊት ምርመራ፣ የአባላዘር በሽታ መከላከያ ሕክምና፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንዲሁም የእርግዝና ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። ያልተፈለገ እርግዝና የሚያሰጋት ሴት የድንገተኛ እርግዝና መከላከያን እስከ 120 ሰዓት ድረስ መውሰድ ትችላለች፤ ይህም ቢሆን በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። ከመድኃኒት መደብር ይህን ክኒን ብቻ ገዝቶ መመለስ የኤች አይ ቪን ተጋላጭነት ሳይታከም እንደመተው ይቆጠራል።

የ28 ቀናት ሕክምና

ለአዋቂዎች በብዛት የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን እና ዶሉቴግራቪር የተባሉ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ክኒን የያዘ ነው። ለሕፃናት መጠኑና ዓይነቱ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ክብደታቸው ይወሰናል። ነፍሰ ጡር ሴትም ሆነች የምታጠባ እናት ሕክምናውን መውሰድ ትችላለች፤ የምታጠባ እናት ስለ ሕፃኑ አመጋገብ ከባለሙያው ጋር መመካከር ይኖርባታል።

ክኒኑን በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት መውሰድ ላለመርሳት ይረዳል። ከዕለታዊ ልማድ ጋር ለምሳሌ ከእራት ወይም ከመኝታ ሰዓት ጋር ማያያዝ፣ የስልክ ማስታወሻ መሙላት ወይም የሚታመን ሰው እንዲያስታውስ ማድረግ ይቻላል። የተረሳ ክኒን እንደታወሰ ይወሰዳል፤ ነገር ግን የቀረውን ለማካካስ ሁለት ክኒን በአንድ ጊዜ መውሰድ አይገባም። መድኃኒቱ ከአንድ ቀን በላይ ከተቋረጠ ወደ ጤና ተቋሙ ተመልሶ መንገር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ድካም ወይም የእንቅልፍ መዛባት ሊያጋጥም ይችላል። እነዚህ በአብዛኛው ቀላል ሲሆኑ እየቆዩ ይቀንሳሉ። እንቅልፍ የሚረበሽበት ሰው ክኒኑን ጠዋት ቢወስድ ይሻለዋል። በሰውነት ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የፊት እብጠት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የሽንት መጠን መቀነስ ከታየ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል። በራስ ውሳኔ መድኃኒቱን ማቆም አይመከርም።

አንዳንድ መድኃኒቶች የዶሉቴግራቪርን አቅም ይቀንሳሉ። የጨጓራ አሲድ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ክኒኑን ከማስታገሻው 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መውሰድ አለበት። ለቲቢ ሪፋምፒሲን የሚወስድ፣ ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን የሚወስድ፣ የሚጥል ሕመም መድኃኒት የሚጠቀም እንዲሁም የአይረን ወይም የካልሲየም ክኒን የሚወስድ ሰው ይህንኑ ለባለሙያው አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያለበት ሰው መድኃኒቱ ሲቆም የጉበት ሕመሙ ሊነሣበት ስለሚችል ልዩ ክትትል ያስፈልገዋል።

ፆም፣ ጠበልና መድኃኒቱ

ክኒኑ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድና ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ሊወሰድ የሚችል በመሆኑ ከፆም ጋር ማጣጣም አያስቸግርም። በፆም ወቅት ከቀኑ ማዕድ በኋላ ወይም ማታ፣ በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ውስጥ በተወሰነ ሰዓት መውሰድ ይቻላል። ጠበል መጠመቅም ሆነ ጸሎት መድኃኒቱን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆኑም፤ ጎን ለጎን መቀጠል ይቻላል።

የወሲብ ጥቃት የደረሰበት ሰው

ጥቃቱ በማንም ላይ ቢደርስ፣ በየትኛውም ቦታና ሁኔታ ቢፈጸም፣ ጥፋቱ የአጥቂው ነው። ተጎጂው ወይም ተጎጂዋ በቅድሚያ ከአደጋው ወደ ራቀ ቦታ፣ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም መድረስ ይኖርባቸዋል። ከተቻለ ከምርመራው በፊት ገላን አለመታጠብና በወቅቱ የተለበሰውን ልብስ ሳያጥቡ በወረቀት ከረጢት ይዞ መሄድ ለማስረጃ ይጠቅማል። የታጠበ ወይም ልብሱን የቀየረ ሰው ግን ሕክምናውን የማግኘት መብቱ አይጓደልም።

እንደ አዲስ አበባው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ባሉ የተቀናጀ አገልግሎት መስጫ ማዕከላት ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክርና የሕግ ድጋፍ በአንድ ቦታ ይሰጣሉ። እንዲህ ያለ ማዕከል በቅርብ ከሌለ ግን መድኃኒቱን በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አስቀድሞ መጀመር ይገባል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እና 552 መሠረት፣ በመደፈር ምክንያት የተፀነሰ እርግዝናን ለማቋረጥ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው። በሕፃን ላይ ጥቃት መድረሱን የጠረጠረ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሕፃኑን በተደጋጋሚ ጥያቄ ሳያስጨንቅ በቀጥታ ወደ ሕክምና መውሰድ አለበት።

በሥራ ላይ የሚያጋጥም ተጋላጭነት

ይህ አደጋ ሐኪምና ነርስን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የጤና ተቋም የጽዳት ሠራተኞች፣ የልብስ አጣቢዎች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ለልምምድ የተመደቡ ተማሪዎችና ቆሻሻ ሰብሳቢዎችም በተጣለ መርፌ ሊወጉ ይችላሉ። አደጋው የደረሰበት ሠራተኛ የመጀመሪያ እርዳታ ካገኘ በኋላ ለቅርብ ኃላፊው ማሳወቅና አደጋው በመዝገብ እንዲሰፍር ማድረግ አለበት። ተረኛው እስኪተካ ወይም ሥራው እስኪያልቅ ብሎ መድኃኒቱን ማዘግየት አይገባም።

ጭንቀትን መቋቋም

ከተጋላጭነት በኋላ ፍርሃት፣ ጸጸት፣ ቁጣና እንቅልፍ ማጣት የተለመዱ ናቸው። በተለይ ውጤት የሚጠበቅባቸው ሳምንታት ይረዝማሉ። በዚህ ጊዜ የሚያጋጥም ጉንፋን፣ የሆድ ሕመም ወይም ድካም ሁሉ የቫይረሱ ምልክት አይደለም፤ ኤች አይ ቪ በምርመራ እንጂ በምልክት አይታወቅም። ትኩሳት፣ ሽፍታና የንፍፊት ማበጥ አንድ ላይ ከታዩ ግን ለባለሙያ ማሳየት ተገቢ ነው።

ምስጢር ለሚጠብቅ አንድ ሰው መንገር ሸክሙን ያቀልላል። በአልኮል መጠጥ ወይም በጫት ለመርሳት መሞከር እንቅልፍን ከማዛባቱም በላይ ክኒኑን ለመርሳት ይዳርጋል። በየዕለቱ ደጋግሞ መመርመርም እረፍት አይሰጥም፤ በተወሰነለት ቀን መመርመር ይበቃል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ የሚመጣበት ሰው ብቻውን መሆን የለበትም፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል መሄድ ወይም መወሰድ አለበት።

ለትዳር ጓደኛ ማስረዳት ከባድ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው እንዴትና መቼ መንገር እንደሚሻል በማማከር ይረዳል። እስከ መጨረሻው የምርመራ ውጤት ድረስ ግን ኮንዶም መጠቀም፣ ደም አለመለገስና ስለታም ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም የሌላውን ደኅንነት ይጠብቃል።

የክትትል ምርመራ

የኤች አይ ቪ ምርመራ በመጀመሪያው ቀን፣ ከ6 ሳምንት በኋላና ከ3 ወር በኋላ ይደረጋል፤ ባለሙያው አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው በ6ኛው ወር ሊደገም ይችላል። በመካከል በራስ መመርመሪያ ኪት የሚገኝ ውጤት የእነዚህን ቀጠሮዎች ቦታ አይተካም። ክኒኑን ጨርሶ በክትትል ምርመራ አለመቅረብ ሕክምናውን በግማሽ እንደመተው ነው።

የመጨረሻው ውጤት ቫይረሱ አለመኖሩን ካሳየ ሰውየው ወደ ወትሮ ሕይወቱ ይመለሳል። ይህ ሕክምና ለአንድ አጋጣሚ እንጂ ለወደፊቱ የሚያገለግል መከላከያ አይደለም። ተጋላጭነታቸው የሚደጋገም ሰዎች፣ ለምሳሌ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችና አንደኛው ወገን ቫይረሱ በደሙ ያለበት ጥንዶች፣ ከተጋላጭነት በፊት ስለሚወሰደው መከላከያ መድኃኒት በጤና ተቋም መጠየቅ ይችላሉ።

ሕክምናው የመያዝ ዕድልን በእጅጉ ቢቀንስም ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ውጤቱ ቫይረሱ መኖሩን ካሳየ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምናን በዚያው ዕለት መጀመር ይቻላል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶና አሳድጎ፣ ረጅም ዕድሜ መኖር ይችላል።

ተጋላጭነት ያጋጠመው ሰው ዛሬ ማወቅ የሚጠበቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አደጋው ከደረሰ ስንት ሰዓት እንዳለፈ። ቀሪውን ጥያቄ የጤና ባለሙያው አብሮት ይመልሳል፤ የመጀመሪያው ክኒን ግን ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ በደረሰበት ሰዓት መወሰድ አለበት።